የሎደር ጃክ ሮድ ያለ ክሮም ገንዳ፦ ሃርድ ክሮምን ትቼ ያሠራኋቸው አማራጮች

ጥፍሬን የሎደሩ ጃክ ሮድ (ባልዲውን የሚያነሳው የሃይድሮሊክ ዘንግ) ላይ ጎተትኩት። ያዘኝ። አንድ ቦታ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፤ ከላይ እስከ ታች አምስት ስድስት ቦታ እየተደናቀፈ ነው የወረደው። የተለበጠበት ክሮም ከሩቅ ሲታይ እንደ መስታወት ያበራል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ቡናማ ነጥቦች አሉበት፣ በነጥቦቹ ዙሪያ ደግሞ ክሮሙ ትንሽ ብድግ ብሏል። እንዲህ ያለ ሮድ በወጣና በገባ ቁጥር ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋውን ቀለበት) እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ደንበኛዬ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ሲል ቀይሮ ዘይቱ መፍሰሱን ያላቆመው ለዚህ ነው።

ሎደሩ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፔድሮ ወደብ አጠገብ ቁርጥራጭ ብረት ሲጭን የሚውል ነው። የባሕር አየር አለ፣ ጨው አለ። ሃርድ ክሮም (ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብረት ላይ የሚለበጠው ወፍራም ክሮም) ደግሞ ገና ከገንዳው ሲወጣ ጀምሮ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለው። ስንጥቁ ዘይት ስለሚይዝ ለሮድ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ፤ ጨዋማ ውኃ ሲያገኘው ግን እስከ ሥሩ ብረት ያሳልፈዋል። ከሥር ዝገቱ ያብጣል፣ ክሮሙን ይገፋዋል። ያንን ሮድ ለሦስተኛ ጊዜ ክሮም ላስነክረው ወይስ ሌላ ነገር ልሞክር ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ይኼ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ያሠራኋቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ የምገመግምበት ነው። በሎስ አንጀለስ ዳርቻ ባለች ትንሽ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው፤ የልባጥ ሥራውን ውጭ እናስሠራለን። የቤቶቹን ስም አልጽፍም። የምገመግመው የሥራውን ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ስለ ክሮም እውነቱን ልናገር። ሃርድ ክሮም መጥፎ ልባጥ ስለሆነ አይደለም የተውኩት። ጥንካሬው በቪከርስ መለኪያ ከ800 እስከ 1000 ይደርሳል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ የተበላ ሮድን መልሶ ልኬቱ ላይ ያመጣል፣ በየከተማው የሚሠራው አይጠፋም። የተለበጠው ሮድ ራሱም ማንንም አይጎዳም። እጃችሁ ላይ ያለው ንጹሕ የክሮም ብረት ነው። ጉዳቱ ያለው ሮዱ የተነከረበት ገንዳ አጠገብ ነው፣ እኔም ገንዳው አጠገብ አራት ዓመት ቆሜያለሁ።

ገንዳው ውስጥ በሊትር 250 ግራም ገደማ ክሮሚየም ትራይኦክሳይድ ይኖራል፣ ከዚያ ላይ 2.5 ግራም የሚሆን ሰልፈሪክ አሲድ። ሙቀቱ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ፈሳሹ የጠቆረ ቀይ ነው፤ ጓንት ላይ ሲንጠባጠብና ሲሳሳ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ይለወጣል። ከምትሰጡት ኤሌክትሪክ ክሮሙን ብረቱ ላይ የሚያስቀምጠው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው አብዛኛው ውኃውን እየሰነጠቀ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ያወጣል። አረፋው ሽቅብ ይመጣል፣ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል፣ ሲፈነዳ አሲዱን እንደ ደቃቅ ጉም ይረጨዋል። ሠራተኛው የሚተነፍሰው እሱን ነው። በሰዓት የሚቀመጠው 25 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ቢሆን ነው፤ ስለዚህ አንድ ወፍራም ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈላ ያድራል።

ጉሙ ውስጥ ያለው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ነው፣ በሙያው ያለው ሰው «ክሮም ስድስት» የሚለው። ሰውነታችን ሰልፌት የሚባል ጨው ወደ ሴል የሚያስገባበት በር አለው። ክሮም ስድስት ቅርጹ ሰልፌትን ስለሚመስል በዚያው በር ሰተት ብሎ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ውስጥ እየተለወጠ ዲኤንኤውን ያበላሻል። የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ከመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ክሮም ሦስት የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ለየት ያለ ነው። የሞጆ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ክሮም ሰልፌት እሱ ነው፤ እሱም ወንዝ ውስጥ ይደፋ ማለቴ አይደለም፣ ሴል ውስጥ ግን እንደ ስድስቱ በቀላሉ አይገባም። ስሙ አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው ያምታታዋል።

በዚያ ቤት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ትልቅ ሰው ነበር። በጣም ጎበዝ፣ ገንዳው ሲታመም በሽታውን በአረፋው ድምፅ የሚለይ። ምሳ ስንበላ አጠገቡ ስቀመጥ ሲተነፍስ ቀጭን ፉጨት እሰማ ነበር። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ራሱ አሳየኝ፤ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ተበስቷል። ክሮሙ በልቶት ነው። አያምም አለኝ፣ ምሳውን መብላቱን ቀጠለ። በዚያው ዓመት የገንዳው ዳር መምጠጫ ማራገቢያ ተበላሽቶ ሳምንታት ሲቆይ ሥራው አልቆመም፤ ለአለቃው ስንነግረው «ዕቃው እየመጣ ነው» ነበር መልሱ። ማታ ቤቴ ስገባ ልጄን ከማቀፌ በፊት ታጥቤ ልብሴን ለብቻው አስቀምጥ ነበር። ሥራውን የለቀቅኩት ማራገቢያው ከተጠገነ በኋላ ነው፣ ግን ያኔ ልቤ ከወጣ ቆይቷል።

ሕጉም ቢሆን እየጠበበ ነው የመጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ በ2006 በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ የሚፈቀደውን ከ52 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ወደ 5 አወረደው። አውሮፓ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ክሮሚየም ትራይኦክሳይድን ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም ከልክሏል። እዚህ ካሊፎርኒያ የአየር ቦርዱ በግንቦት 2023 በወሰነው መሠረት ለጌጥ የሚሠራው ክሮም ስድስት ከ2027 ጀምሮ እየቆመ ይሄዳል፣ ሃርድ ክሮሙ ደግሞ እስከ 2039 ጊዜ ተሰጥቶታል። ይኼ ሁሉ በባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በ2016 ከእኛ ብዙም በማትርቀው በፓራማውንት ከተማ አየር ውስጥ ከተለመደው እጅግ የበለጠ ክሮም ስድስት ተገኝቶ ነበር፣ ከብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የወጣ። ሰው የሚኖርበት፣ ልጆች የሚማሩበት ሠፈር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም «ጉሙን ማፈን ይቻላል እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይታፈናል። ለብዙ ዓመት ገንዳው ላይ አረፋ እንዲተኛ የሚያደርግ ኬሚካል ይጨመር ነበር። ብዙዎቹ ቤቶች የሚጨምሩት ፒፎስ የሚባለውን ነበር፣ ተፈጥሮ የማትሰባብረው፣ ውኃ ውስጥና ደም ውስጥ የሚከማች። በ2009 የስቶክሆልም ስምምነት (እንዲህ ያሉ የማይበሰብሱ መርዞችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ውል) ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ አሜሪካም ከመስከረም 2015 ጀምሮ ክሮም ገንዳ ላይ እንዳይጨመር አገደችው። ሳንባን ለማዳን ውኃውን በከልን ማለት ነው። እኔ ራሴ በባልዲ ጨምሬዋለሁ፣ ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ አሁን «በዚህ ተካው» ስባል የመጀመሪያው ጥያቄዬ የሚተካውስ ምን ያመጣል የሚል ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉትንም በዚያ ዓይን ነው ያየኋቸው።

ወደ ሎደሩ ሮድ ልመለስ። መጀመሪያ የሞከርኩት ኤች ቪ ኦ ኤፍ የሚባለውን ርጭት ነው። ኬሮሲን ወይም ሃይድሮጅን ከኦክስጅን ጋር የሚያቃጥል ሽጉጥ አለ፣ እሳቱ ውስጥ ዱቄት ይገባል፣ ዱቄቱ ከድምፅ በፈጠነ ፍጥነት ብረቱ ላይ ይመታና ይጣበቃል። ለሮድ የሚመረጠው ዱቄት 86 በመቶ ተንግስተን ካርባይድ፣ 10 በመቶ ኮባልት፣ 4 በመቶ ክሮም ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ እግሮች ላይ ሃርድ ክሮምን የተካው በዋናነት ይኼው ነው፤ የአሜሪካ መከላከያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ቡድን አቋቁሞ ሲፈትነው ኖሯል።

የሚረጨው ክፍል ወፍራም ግድግዳ ያለው ዝግ ክፍል ነው። ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ደረታችሁ ላይ ይሰማል። ሮዱ እንደ ቶርኖ ላይ ይሽከረከራል፣ ሮቦቱ ሽጉጡን ይዞ ይመላለሳል። ሰው ውስጥ የለም። የአሮጌውን ክሮም ማንሳት፣ የተበላውን ቦታ ማስተካከልና በአሸዋ መምታት ጊዜ ወሰደ፤ ርጭቱ ራሱ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፈም። ክሮም ገንዳ ቢሆን ሌሊቱን ያድር ነበር። ሌላም ጥቅም አለው። ክሮም ሲነከር ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል፣ ጠንካራ ብረት ከሆነ በዚያ ምክንያት ድንገት ቀጭ ብሎ ሊሰበር ስለሚችል ወዲያው 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ለሰዓታት መጋገር አለበት። ርጭት ላይ ይኼ ጣጣ የለም።

አሁን ወደ ጥፋቱ። የመጀመሪያው ቤት ሮዱን ረጭቶ፣ በአልማዝ ድንጋይ ሞርዶ፣ እንደ ክሮም እያብረቀረቀ ላከልኝ። ደስ ብሎኝ ገጠምኩት። በስድስተኛው ሳምንት ሎደሩ ተመለሰ፣ ዘይት እየተንጠባጠበ። ሲሉን ሳወጣው ከንፈሩ ተበልቶ አልቋል። ሮዱ ላይ ጥፍሬን ብጎትት አይይዝም። ነገሩ የገባኝ የሸካራነት መለኪያውን ሳስቀምጥበት ነው፤ 0.35 ማይክሮን አነበበ። ለክሮም ይኼ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካርባይድ ግን ከክሮም የጠነከረ ስለሆነ ያቺው ጥቃቅን ጫፍ አትሟሽሽም፣ ሲሉን መብላቷን አታቆምም። ለዚህ ልባጥ ሸካራነቱ 0.1 ማይክሮንና ከዚያ በታች መውረድ አለበት፤ ከሞረዱ በኋላ በአልማዝ ጨርቅ ሌላ ዙር መወልወል ይፈልጋል። ቤቱ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሲጠየቁ «ስዕሉ ላይ አልተጻፈም» አሉ፤ አለመጻፉ እውነት ነው። አንድ ባለሙያ ግን የሚሠራው ለሃይድሮሊክ ሮድ መሆኑን እያየ ዝም ማለት አልነበረበትም። የሁለተኛውን ሲልና የጉልበቱን ዋጋ እኛው ቻልነው።

ወደ ሌላ ቤት ወሰድኩት። እዚያ ገና ሮዱን ከመኪናው ሳላወርደው የጠየቁኝ «የሲሉ ዓይነት ምንድነው? የት ነው የሚሠራው?» ነበር። እስከ 0.08 ወለወሉት። ሲሉንም ቴፍሎን ባለው ዓይነት እንድቀይረው መከሩኝ። ዋጋው ውልወላውን ጨምሮ ክሮም ከሚያስከፍለኝ እጥፍ ትንሽ ከፍ ይላል። ውድ ነው፣ አልደብቅም። ደንበኛዬን ለማሳመን በዓመት ሦስት ሲል፣ የሦስት ቀን የሎደር መቆም፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት እያልኩ በወረቀት አስቀመጥኩለት። ካየው በኋላ ብዙ አልተከራከረም።

ርጭቱ የማይችለው ነገር አለ። ሽጉጡ የሚያየውን ብቻ ነው የሚለብጠው። የጠበበ ቀዳዳ ውስጥ፣ የሲሊንደር ሆድ ውስጥ አይገባም። ጉዳትም የለውም ብዬ አላታልላችሁም፤ የኮባልት ዱቄት ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ክሮም ያለበት ዱቄት በዚያ ሙቀት ሲረጭ ትንሽ ክሮም ስድስት በጭሱ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ ለርጭት ሥራም የራሱ ደንብ ያለው። ልዩነቱ ክፍሉ ዝግ መሆኑ፣ ማጣሪያ መኖሩና ሰው ከውጭ መቆሙ ነው። ተከፍቶ ሌሊቱን የሚፈላ ገንዳ የለም፣ የሚደፋ አሲድ የለም። ቤት ስትመርጡ ማጣሪያውን አሳዩኝ በሉ። ጥሩ ቤት ደስ ብሎት ያሳያል።

ሁለተኛው ያሠራሁት ኤሌክትሮለስ ኒኬል ነው፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልገው የኒኬል ልባጥ። ለፓምፕ አካል (ሃውዚንግ) ነበር፣ ውስጡ ጎድጓዳና ጠመዝማዛ፣ ርጭት ጨርሶ የማይደርስበት። ይኼ ልባጥ በ1946 በብሬነርና በሪደል የተገኘ ነው፤ 90 ዲግሪ አካባቢ የሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ኒኬሉ በኬሚካል ኃይል ራሱን ብረቱ ላይ ያስቀምጣል። ኤሌክትሪክ ስለሌለ ጫፍ ላይ አይወፍርም፣ ጥግ ውስጥ አይሳሳም። ሲመጣልኝ አፉ ላይ ለካሁት፣ መሃሉን ለካሁት፣ የታችኛውን ቦይ ለካሁት፤ በየቦታው 25 ማይክሮን፣ አንድ ሁለት ቢበልጥ ቢያንስ። ክሮም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ክሮም ጫፍ ላይ እንደ ጉብታ ይከመርና ትርፉን መሞረድ የእኛ ሥራ ይሆናል። እዚህ የሚሞረድ ነገር አልነበረም፣ በዚያ ስለተረፈልኝ ጊዜ ዋጋው ከክሮም ጋር ተቀራረበ።

ግን ዝም ብላችሁ ብታዝዙ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ቪከርሱ 500 አካባቢ። አሸዋ ያለበት ውኃ ይቧጭረዋል። 400 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሲጋገር ወደ 900 ይጠጋል፣ ያኔ ከክሮም ጋር ሊወዳደር ይችላል። ስለዚህ «ይጋገር» የሚለውን ቃል ትእዛዙ ላይ መጻፍ እንዳትረሱ። የሚጋገረው ክፍል ያን ሙቀት መቻሉንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከጤና አንጻር የኒኬል ጨውም ካንሰር አምጪ ነው፣ ቆዳንም ያስቆጣል፤ ያረጀው ፈሳሽ ደግሞ በወግ መጣል አለበት። ከክሮም ገንዳ የሚሻለው እንደዚያ እየፈላ ጉም የሚረጭ አረፋ ስለሌለው ነው። የጠራ ትርፍ ነው አልልም፣ ግን ትርፍ ነው።

ፒኖች (ባልዲውን የሚያያይዙት የብረት ካስማዎች) ላይ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው፦ ናይትራይድ አስደርጓቸው፣ በቃ። ናይትሮጅን 570 ዲግሪ ገደማ ላይ ራሱ ብረቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነገር ስለሌለ የሚላጥም የለም። ላይኛው ጠንካራ ሽፋን ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ነው። የባልዲ ፒኖቻችንን ከክሮም ወደዚህ ካዞርን ሁለት ዓመት ሆነን፣ ዋጋውም ከክሮም አነሰ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተበላ ፒን በዚህ አይታደስም፤ ልኬት አይጨምርም፣ ስለዚህ ለአዲስ ዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ ረጅምና ቀጭን ሮድ ምድጃው ውስጥ ሊጎብጥ ይችላል። አንድ ጊዜ የአንድ ሜትር ሮድ ልኬ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ጎብጦ መጥቶልኛል፣ ማቃናቱ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ሌዘር ክላዲንግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሠራሁት፣ ከሥሩ ክፉኛ ለተበላ ትልቅ ሮድ። ሌዘሩ ዱቄቱን ከብረቱ ጋር አቅልጦ አንድ ያደርገዋል፤ እንደ ብየዳ ነው፣ በጣም ስስና የተጠና ብየዳ። መጣበቁ ከሁሉም የበለጠ ነው፣ መላጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። ጀርመን አኸን ከተማ ያለው የፍራውንሆፈር የሌዘር ተቋም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆኖ ያወጣው ፈጣኑ ዓይነት ደግሞ ከ25 እስከ 250 ማይክሮን ስስ ሽፋን ያስቀምጣል፣ በ2017 ተሸልሞበታል። ክሮምን በደንብ ሊተካ የሚችል ይኼ ይመስለኛል፣ በተለይ ለወደብና ለማዕድን ማሽን። እኔ ያሠራሁት የቆየውን፣ ወፍራሙን ነበር። ሥራው ግሩም ነው፣ ዋጋው ግን ለትንሽ ሎደር ሮድ አያዋጣም፤ አዲስ ሮድ መግዛት ይቀላል።

«ክሮሙ ክሮም ሆኖ ይቅር፣ ገንዳው ክሮም ሦስት ይሁን» የሚለውም አለ። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ክሮም ነካሪዎቹ ሥራቸውን ሳያጡ፣ ያንኑ ሙያቸውን ይዘው ሳንባቸው ይድናል። ለጌጥ ስሱ ክሮም በክሮም ሦስት መሠራት ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። ለወፍራሙ ሃርድ ክሮም ደግሞ ኦሃዮ ያለው ፋራዳይ ቴክኖሎጂ ኤሌክትሪኩን እያበራና እያጠፋ የሚሠራበትን ዘዴ አውጥቶ በ2013 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል። በእኛ አካባቢ ለሮድ በየቀኑ የሚሠራው ቤት ግን አላገኘሁም፣ ስለዚህ ያልሞከርኩትን አልመክርም። የተገኘ ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ካለው የእናቴ ወንድም ጋር በስልክ አወራን። ሁለት ሎደር አለው፣ ቃሊቲ አካባቢ ያከራያል። ሮዱ መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ሊያስበይደው ነው።

«ጋሼ፣ ክሮሙ እንዳለ ነው የሚበየደው?»

«እንዴ፣ ታዲያ ምን ሊደረግ ነው? በያጁ ላዩ ላይ ያሳርፈዋል።»

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። ክሮም ያለበት ብረት ላይ ሲበየድ ጭሱ ውስጥ ክሮም ስድስት ይፈጠራል። በያጁ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን አስጠግቶ ነው የሚሠራው። ገንዳ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ልጅ የገንዳውን መርዝ ሥራ ቦታው ላይ ይተነፍሳል። ጋሼ ይኼን አያውቅም ነበር፣ በያጁም አያውቅም። እኔም ድሮ ኮሌጅ ስማር የነገረኝ አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ተባባልን፦ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንድ ጋት ያህል ክሮሙ መጀመሪያ ቶርኖ ላይ ይነሳ፣ የሚያነሳው ልጅ ጥሩ የአቧራ ማስክ ያድርግ፣ ብየዳው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ይሁን፣ በያጁ ጭሱ በማይመጣበት በኩል ይቁም። ተራ የጨርቅ ማስክ ለብየዳ ጭስ አይበቃም፣ ማጣሪያ ያለው ይፈልጋል። እሱን እኔ እልካለሁ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሮዱን እንደገና ክሮም ከማስነከር ሌላ አማራጭ ባይኖረውስ? እንደዚያ ከሆነ ነካሪውን ሄዶ በዓይኑ ይየው። ገንዳው ዳር የሚመጥ ማራገቢያ አለ? ይሠራል? ያለቀው አሲድ የት ነው የሚሄደው? ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ከሆነ ሌላ ቤት ይፈልግ። ፒኖቹን ግን ዛሬውኑ ከክሮም ማውጣት ይችላል፣ ናይትራይድ የሚያደርግ ምድጃ ያለው የሙቀት ሥራ ቤት ካገኘ። ደንበኛ ሲጠይቅ ባለ ሥራው ይሰማል። እኔ በነበርኩበት ቤት ለአራት ዓመት አንድም ደንበኛ ስለ ማራገቢያው ጠይቆ አያውቅም፤ ሁሉም የሚጠይቀው መቼ ይደርሳል የሚለውን ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የወደቡ ሎደር ለዘይት ቅየራ መጣ። የተረጨው ሮድ ሦስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው፣ ሲሉ ከሁለተኛው ቤት በኋላ የገጠምኩት ያው ነው። ባልዲውን እስከ መጨረሻው አስነሳሁና ሮዱን በጨርቅ ጠርጌ ጥፍሬን ከላይ እስከ ታች ጎተትኩት። የትም አልያዘኝም። ሸካራነቱን ለካሁት፣ 0.09። ጨርቁ ላይ የቀረው የተለመደው ስስ የዘይት ፊልም ብቻ ነው። ደንበኛዬ የሌላኛውን ጎን ጃክም አውርድልኝ አለኝ፤ ሰኞ ወደ ርጭት ቤቱ ይሄዳል፣ በዚህኛው ስዕል ላይ 0.1 ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ።